ንፋሱ በሚዞርበት ወር

ውድ ወንድሜ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ከመሰላል ወድቄ አበጠ ያልከው ጉልበትህስ? ያረፍክበት ቤት ሴትዮ አሁንም ሾርባው ላይ ውሃ ታበዛለች ወይ? እኔ የምድጃችን አምላክ ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ። እበላለሁ። እሸምናለሁ። ፍየሏ ወልዳለች፤ ግልገሉ አንድ ጆሮው ጥቁር ነው። የምዕራቡ ግንብ ባለፈው አውሎ ነፋስ እንደፈረሰ ነው፤ አንተ ስትመጣ ትክበዋለህ ብዬ ድንጋዮቹን ወደ ጥግ ሰብስቤያቸዋለሁ።

ይህ ሁለተኛው ወረቀት ነው። የመጀመሪያውን ቀደድኩት። እጄ ማንም ያላለውን ነገር ጽፎ ነበር። ለምን እንደሆነ በኋላ እነግርሃለሁ፤ አሁን የጠየቅከኝን ልመልስ።

ባሕሩ እንዴት ነው ብለሃል። የአባታችንን ጀልባ ጠግነህ እንደጨረስክ፣ ስንጥቁን በአዲስ እንጨት እንደሞላህ፣ ደቡብ ንፋስ ከያዘልህ ማለዳ ተነሥተህ ፀሐይ ሳትዘቀዝቅ እንደምትገባ ጽፈሃል። "ንፋሱን ብቻ ንገሪኝ" ብለሃል።

እውነቱን ልንገርህ፤ ባሕሩ ያምራል።

ደቡቡ ለስላሳ ነው። ከኮራሉ አጥር፣ ማዕበሉን ከሚሰብረው የባሕር ውስጥ ድንጋይ፣ ወዲህ ያለው ውሃ እንደ ዘይት ተኝቷል፤ ከታች ዓሣው ከጥላው ጋር ሲሄድ ይታያል። ከአጥሩ ወዲያ ደግሞ ረጅም፣ ዝግ ያለ ማዕበል አለ፤ አይሰበርም፣ ይነሣና ይተኛል፣ የሚያንቀላፋ ሰው ደረት ይመስላል። የቆመ ሸራ ሁሉ ይሞላል። ከአንተ ደሴት ወደኛ የሚነፍስ፣ ቀዛፊን ሥራ የሚያስፈታ ንፋስ ነው። ሰነፍ እንኳ ይመጣበታል።

ግን ይሞቃል። በዚህ ወር እንዲህ መሞቅ የለበትም። ክሩ እጄ ላይ ይረጥባል፣ ማጉ ይጣበቃል። ጉንዳኖቹ እንቁላላቸውን አፋቸው ውስጥ ይዘው ግንቡን እየወጡ ነው። ትናንት ጨረቃዋ ቀለበት ሠርታ ነበር፤ ሰፊ፣ የቆሸሸ ቀለበት። የትምህርት ቤቱን ሬዲዮ የሚያዳምጠው መምህር በዋናው መሬት በኩል ዝቅተኛ ግፊት እየተጠራቀመ ነው ብሎ ካርታው ላይ በእርሳስ ክብ ሠርቶ አሳየኝ። ክቡ ትልቅ ነው። ደሴታችንን ፈለግኳት፤ ዝንብ የተወችው ነጥብ ታክላለች።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ድምፁ ነው። ንፋሱ ከደቡብ እየነፈሰ፣ አጥሩ የሚጮኸው በሰሜን ነው። እዚያ ምንም የለም። ሰማዩ ንጹሕ ነው። ግን በሰሜን በኩል ይጮኻል፤ ሩቅ ያለ ሰው ጋሪ ይዞ በጠጠር ላይ የሚመጣ ይመስላል፣ ደግሞም አይደርስም።

በአሮጌው አቆጣጠር ሁለተኛው ወር፣ ንፋሱ በድንገት የሚዞርበት ወር ገብቷል ወንድሜ። ሌላ ምን ልበልህ? አንተም ታውቀዋለህ።

እዚህ ጋ ተነሥቼ ነበር። ጓዳ ገብቼ ተመለስኩ።

የእማዬን ሳል ጠይቀሃል። ክረምቱን ሙሉ ደረቷ ውስጥ ሲቆፍር የከረመው ሳል ለቀቃት። ከትልቁ ደሴት የመጣው ሐኪም መድኃኒት ሰጥቷት ነበር፤ ቀምሳ "ይሄስ የዓሣ ሐሞት ነው፣ ለጠላቴ አስቀምጪልኝ" አለች። ብልቃጡ እስካሁን መደርደሪያው ላይ ነው። ብቻ ለቀቃት። አሁን አያስጨንቃትም።

እኔን ግን አልለቀቀኝም። እየሸመንኩ ሳለሁ ከጓዳ በኩል እሰማዋለሁ። መወርወሪያውን አቆማለሁ። ጆሮዬን እሰጣለሁ። ባሕሩ ነው እላለሁ። እንደገና መወርወሪያውን አነሣለሁ፤ እንደገና ይጀምራል። ውሃ በስኒ ይዤ የሄድኩበትም ጊዜ አለ። ስኒውን ይዤ በሩ ላይ ቆሜ፣ ለማን እንዳመጣሁት ረስቼ፣ ራሴ ጠጣሁት። አትሳቅብኝ። ወይም ሳቅብኝ፤ ድሮ ስትስቅብኝ ፍርሃቴ ይቀል ነበር።

ስለ አንተ ብዙ ታወራ ነበር። "ይቸኩላል" ትላለች። "ድንቹ ሳይበስል ይገልጠዋል፣ ከዚያ አቃጠለኝ ይላል። አባቱ ነው።" አንድ ቀን ሳሉ ትንሽ ጋብ ሲልላት እጄን ይዛ እንዲህ አለችኝ፦ "ልጄ በንፋስ ይምጣ እንጂ በእንባ አይምጣ። እያለቀሰ የሚቀዝፍ ሰው ፊት ለፊቱን አያይም።" እኔም እሺ አልኳት። እሺ ያልኩት ለምን እንደሆነ ያኔ በደንብ አልገባኝም ነበር። ወይም ገብቶኛል።

አባታችን የሄደበትን ቀን አታስታውስም። ጀርባዬ ላይ ነበርክ፤ ከፀጉሬ ጋር እየተጫወትክ፣ እየጎተትክ ታስለቅሰኝ ነበር። አባታችን አሁን አንተ ባለህበት ደሴት የሸንኮራ ማሳ ላይ ይሠራ ነበር። አያታችን ስትሞት ቴሌግራም ተላከለት። እንዲህ ያለ ቀን ነበር፤ ሞቃት፣ ደቡቡ ለስላሳ፣ ባሕሩ ዘይት። ወረቀቱን እንዳነበበ ጀልባዋን ገፋ አሉ። ቁርሱን እንኳ አልበላም አሉ። ያዩት ሰዎች "ኧረ ቆይ፣ ወሩን እይ" ብለውት ነበር። "እናቴን ሌላ ሰው አይቀብራትም" ብሎ መለሰ።

እኛ በዚህ በኩል ድንጋዩ ላይ ቆመን እንጠብቅ ነበር። እማዬ ነጩን ጨርቅ ይዛለች። ሸራውን አየነው ወንድሜ። ይሄን ነግሬህ አላውቅም። ከአጥሩ ወዲያ ሸራውን አየነው፤ በማንግሮቭ፣ በባሕር ዳሩ ዛፍ፣ ቅርፊት የተነከረው ቀይ ሸራ፣ ጥፍር የሚያክል። እማዬ ጨርቁን ማውለብለብ ጀመረች። ከዚያ አንገቴ ቀዘቀዘ። ሌላ ምንም አልነበረም፣ የአንገቴ ላብ በአንድ ጊዜ ቀዘቀዘ። ዞሬ ሳይ በሰሜን ምዕራብ ጥቁር መስመር ነበር፤ በእርሳስ እንደተሰመረ። ትኩስ ድንች ተልጦ እስኪበላ ባለው ጊዜ ደቡቡ ምዕራብ ሆነ፣ ምዕራቡ ሰሜን ሆነ። ባሕሩ ፊቱን አዞረ። ሸራውን ፈለግነው። እማዬ ማውለብለቧን አላቆመችም። ሰዎች መጥተው እጇን እስኪይዟት አላቆመችም።

ጀልባዋ ከሳምንት በኋላ ተገልብጣ፣ አሁን አንተ ባለህበት ደሴት ማንግሮቩ ውስጥ ተገኘች። ከምሰሶዋ ላይ የአክስታችን ጨርቅ እንደታሰረ ነበር። አባታችን ሊሄድ ሲል አክስታችን በእጇ የሸመነችለት፣ እህት ለወንድሟ ለባሕር የምትሰጠው ጨርቅ። ቋጠሮው እንኳ አልላላም። ጨርቁ ነበር። ሰውየው አልነበረም። እማዬ ከባሕሩ ዳር ድቡልቡል ድንጋይ መርጣ፣ አጥባ፣ ከጥዶቹ ሥር ባለው መቃብራችን አስገባችው። "አባታችሁ ይህ ነው" አለችን። አክስታችን ከዚያ ቀን ወዲህ አልሸመነችም። ትንሽ ቆይታ መናገርም ተወች።

ያቺን ጀልባ ነው የጠገንከው። አልተቆጣሁም። ስትጠግናት ደስ ብሎህ እንደነበር ከጽሑፍህ ይታያል።

አንተ ገና ስትሄድ ጨርቅ ሰጥቼህ ነበር፤ ታስታውሳለህ፣ ነጭ ላይ ሰማያዊ። ሰጥቼህ ስመለስ ሞሺ፣ ጎረቤታችን፣ "እንግዲህ የወንድምሽ ነፍስ በጣትሽ ላይ ነው፣ ክርሽን እንዳታወላግጂ" አለችኝ። ለቀልድ ነው ያለችው። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ክር በተበጠሰ ቁጥር ተነሥቼ ባሕሩን አያለሁ።

አሁን ስለ አጎታችን ልጻፍ። ግቢያችን ሰው በሰው ነበር፤ ለምን እንደነበር እዚህ ላይ አልጽፍም። ሞሺ ድንች በቅርጫት ቀቅላ አምጥታለች፣ ወንዶቹ ግንቡ ሥር ተቀምጠዋል። አጎታችን ማቹ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ "ቴሌግራም ይላክ" አለ። የቤቱ ወንድ አንተ እንደሆንክ፣ ከፊት የሚሄደው አንተ እንደሆንክ፣ አንተ ሳትጠራ ቀርተህ ሰው ምን እንደሚለን ተናገረ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ልክ ነው፤ እንደ ደንቡ ልክ ነው።

እኔ አይሆንም አልኩ።

ወንዶች በተቀመጡበት ድምፄን አሰምቼ አላውቅም። ሞሺ ቀሚሴን ጎተተችኝ።

"ዛሬ ባትጠሪው ዕድሜ ልኩን ይቅር አይልሽም" አለኝ አጎታችን።

"አይበለኝ" አልኩት። "ይቅር አይበለኝ፤ ብቻ ዕድሜው ይኑረው።"

"የእኔ ልጅ፣ ነገሩ የአንቺና የእሱ ብቻ አይደለም። ደንብ አለ።"

ያኔ ነው ማለት የሌለብኝን ያልኩት። "ለአባታችን ቴሌግራሙን የላኩት እርስዎ ነበሩ፣ አጎቴ።"

የሰሜኑ አጥር ድምፅ ግቢያችን ድረስ ተሰማ። አጎታችን ባርኔጣውን አንሥቶ አደረገው፣ አወለቀው፣ እንደገና አደረገውና ወጣ። በኋላ ውሃ ልቀዳ ስወጣ ባሕሩ ዳር ሲቆም አየሁት፤ ጀርባው ሽማግሌ ሆኗል። መቼ እንደሆነ አላየሁም።

እንግዲህ ያደረግኩትን ስማኝ። የሞተር ጀልባው ነጂ አያ ሳንራ ይህን ደብዳቤ ሳይሰጥህ በፊት ሸራህን ተቀብሎሃል። "እህትህ ጠርዙን በድርብ ክር ልትሰፋው ነው" ብሎሃል፤ አንተም ጠርዙ ተልትሏል ብለህ ጽፈህልኝ ስለነበር አጣጥፈህ ሰጥተኸዋል። መቅዘፊያዎቹንም ወስዷል። አጎትህ ልኩን አይቶ አዲስ ሊጠርብልህ ነው ብሏል መሰለኝ። ሳንራ ውሸት አያውቅበትም፤ ጆሮው ቀልቶ እንደነበር አሁን ትዝ ሊልህ ይችላል። ሁሉም አሁን በሞተር ጀልባው ሆድ ውስጥ፣ ከደብዳቤ ከረጢቱና ከጨው ጆንያው በታች ነው። ጠርዙን እሰፋዋለሁ፤ ይሄ እውነት ነው። ግን የወሰድኩት ለመስፋት አይደለም።

ወደቡ ላይ ስለምነው ሳንራ ትንባሆውን ከአፉ አውጥቶ ብዙ አየኝ።

"የወንድምሽን ሸራ ስረቅልኝ ነው የምትይኝ?"

"ጥገና ነው፣ አያ ሳንራ።"

"ጥገና እንዲህ እጅ አያንቀጠቅጥም።"

እጄን ቀሚሴ ውስጥ ደበቅኩ።

"ሠላሳ ዓመት በዚህ ባሕር ተመላልሻለሁ" አለ። "እህት ለወንድሟ ጨርቅ ስትሰጥ እንጂ ጨርቅ ስትነጥቅ ያየሁት ዛሬ ነው።"

"የተሰጠውን አይተሃል" አልኩት። "ቋጠሮው እንኳ አልላላም ነበር።"

ትንባሆውን ወደ አፉ መለሰ። ገመዱን ይፈታ ጀመር። ሞተሩ ሲነሣ አጎታችን ከአሸዋው በኩል እየሮጠ መጣ፤ በዚያ ዕድሜው፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ። ሊያስቆመው ነው ብዬ ነበር። ውሃው ጉልበቱ እስኪደርስ ገብቶ "መቅዘፊያዎቹንም" ብሎ ጮኸ። "ሳንራ! መቅዘፊያዎቹንም ውሰድበት! ጅል ነው ልጁ፣ በመዳፉም ይሞክራል!"

ሳንራ ሞተሩን ያስነሣው ሊፈትሸው ነበር፤ ደብዳቤው ገና አላለቀም ብዬው ስለነበር መልሶ አጠፋው። አሁን ይጠብቀኛል። እኔ የወደቡ ድንጋይ ላይ ሆኜ ይህችን የመጨረሻ ወረቀት እጽፋለሁ። አጎታችን አጠገቤ ተቀምጦ ሱሪውን እየጨመቀ ነው። አንዳችን ሌላችንን አናይም።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። የሞተር ጀልባው ከአንተ አልፎ ወደ ደቡቦቹ ደሴቶች ይሄዳል፤ ሲመለስ በአንተ በኩል ያልፋል። ያኔ ተሳፈር። ሞተሩ አጠገብ ተቀመጥ፣ እዚያ ይሞቃል። የሰው ጀልባ አትለምን፤ በዚህ ወር የሚያውስህ የለም፣ የሚያውስህ ካለም አይወድህም። የአባታችንን ጀልባ ገልብጠህ ድንጋይ ጫንባት። የበጋው ደቡብ ሲረጋ ሄደን አብረን እናመጣታለን። እኔም ከፊት እቀመጣለሁ።

ምናልባት ንፋሱ አይዞር ይሆናል። ይሄም ያስጨንቀኛል። ምናልባት ሳምንቱን ሙሉ ባሕሩ ዘይት እንደሆነ ይከርም፣ አንተም እዚያ ቁጭ ብለህ ለስላሳውን ደቡብ እያየህ ትረግመኝ ይሆናል፤ "ደርሼ ነበር" ትል ይሆናል። ያኔ ጥፋቱ የእኔ ነው። ተሸክሜዋለሁ። አጥሩ ግን አሁንም በሰሜን ይጮኻል፤ ወይም ይጮኻል ብዬ አስባለሁ። አጎታችንን ይሰማዎታል ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ይሰማኛል አለ። ለእኔ ብሎ ይሁን አላወቅኩም።

የኮራሉን አፍ ስትገቡ እንደ ልማድህ ከጀልባው ላይ ቆመህ አትጣራ። ድንጋዩ ላይ ነጭ ጨርቅ ታያለህ። የማውለበልበው እኔ ነኝ። ቁመቴ ከሩቅ የሌላ ሰው ሊመስልህ ይችላል፤ የለበስኩትም የእኔ ልብስ አይደለም። እንዳትሳሳት። እኔ ነኝ።

አጎታችን ማቹ ሰላም ብሎሃል፤ ጉልበትህን በሙቅ ጨው እሸው ይላል። ሞሺ ሰላም ብላሃለች፤ ስትመጣ ያደለበችውን አሳማ ታርድልሃለች። መምህሩ ሰላም ብሎሃል። አክስታችንን ልጠይቃት ሄጄ ለአንተ እንደምጽፍ ነገርኳት፤ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ግንባሯን ግንባሬ ላይ አደረገች። ሰላም ማለቷ ነው። ከዚያ፣ ታምነኛለህ ወንድሜ፣ ተነሥታ የቆመውን መሸመኛዋን ሸረሪት ጠረገችለት።

ሰላም ያሉህ እነዚህ ናቸው።

የመጀመሪያውን ወረቀት ለምን እንደቀደድኩት እነግርሃለሁ ብዬ ነበር። ለአንተ በጻፍኩ ቁጥር እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ፣ ፊደል ባታውቅም ብዕሩን በዓይኗ እየተከተለች "መጀመሪያ የእኔን ሰላምታ ጻፊ፣ ያንቺ ወሬ ይደርሳል" ትለኝ ነበር። ሁሉንም ደብዳቤዎቼን አውጥተህ ብታይ ሁሉም እንዲሁ ነው የሚጀምሩት። ዛሬም እጄ በልማዱ ሰላምታዋን ጻፈ። አየሁት። አጠገቤ ያለው ምንጣፍ ባዶ ነበር። ያልተባለ ሰላምታ ባሕር አሻግሬ ልልክልህ አልቻልኩም።

የአባታችን ድንጋይ አሁን ብቻውን አይደለም።

ተነሥተሃል። አውቃለሁ። ወረቀቱን ይዘህ ወደ ባሕሩ እየሮጥክ ነው። ከጀልባዋ ደረስክ፤ ምሰሶው ባዶ ነው፣ ወለሏ ባዶ ነው። እዚያው ቁጭ በል ወንድሜ። ጀርባህን ለጎኗ ስጥና አልቅስ። መሬት ላይ የፈለግከውን ያህል አልቅስ፤ ሳንራ ጉዞውን ከመቀጠሉ በፊት ትንሽ አጠገብህ እንዲቆይ ለምኜዋለሁ።

የምድጃው አምላክ እግርህን ደረቅ መሬት ላይ ያቆይልህ። ከኛ አስቀድመው ያለፉት ሁሉ በአንተና በውሃው መካከል ይቁሙ። ንፋሱ ሲዞር ከኋላህ ቤት፣ ከፊትህ ግንብ ይሁንልህ።

ሸራህ በእጇ ያለው

እህትህ